«አንጎሉን ፎቶ ይነሣ፣ በማግኔት ይዳን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ የአእምሮ ሕመም ነገር አለቀለት ይለናል። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የአእምሮ ሕመም ሁሉ በኤምአርአይ (በማግኔት የውስጥ አካልን ፎቶ በሚያነሣው መሣሪያ) ስለሚታይ ማንም ሰው ሕክምና ሳይጀምር አንጎሉን ፎቶ ይነሣ። «ሾክ» የሚባለው የኤሌክትሪክ ሕክምና አንጎል ስለሚያቃጥል ቤተሰብ አይፍቀድ። በምትኩ የማግኔት ሕክምና በጥቂት ቀን፣ ያለ አንዳች ጉዳት ይፈውሳል። አቅም የሌለው በዘጠኝ ቮልት ባትሪ እቤቱ ይሥራው። ይህን ያገኘ ሰው ክኒንና መርፌውን ይጣል፤ ጠበሉም ዱዓውም ከዚህ ወዲያ ይቅር።

የአእምሮ ሕመም እርግማን ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። የቀረውን ግን ተራ በተራ እንየው። የጥናት ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከኤምአርአዩ እንጀምር። ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። ለበሽተኛ የሚታዘዘው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ያሳያል፦ ዕጢ፣ የደም መፍሰስ፣ የተቋጠረ መግል፣ በስትሮክ የሞተ ክፍል። በጽሑፉ ላይ በቀይና በቢጫ ያሸበረቀው ሥዕል ግን ኤፍኤምአርአይ የሚባለው የጥናት ውጤት ነው። ቀዩ የሕመሙ ቀለም አይደለም፤ ኮምፒዩተር የስታቲስቲክስ ቁጥርን በቀለም የቀባው ነው። መሠረቱን ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 አሳይተዋል። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ የደሙ ኦክስጅን ሲለወጥ የማግኔቱ ምልክት በጥቂት በመቶ ከፍ ይላል፤ ያም ከሥራው 5 ሰኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በሥዕሉ ላይ አንዷ ነጥብ በየጎኗ 3 ሚሊሜትር ያህል ስትሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነርቮች ታጭቀውባታል።

ይህ ምልክት ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይበላሻል። ዋናው አበላሺ የራስ እንቅስቃሴ ነው። የተጨነቀ ወይም ድምፅ የሚሰማው ሰው ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ከጤነኛው ይልቅ ይነቃነቃል፤ ተመራማሪው ካልተጠነቀቀ «የሕመሙ ምልክት» ብሎ የሚያወጣው የእንቅስቃሴውን ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የሒሳቡ ነገር ነው። 50,000 ነጥብ ለየብቻው ተፈትሾ ከሺህ አንድ ስሕተት ቢፈቀድ እንኳ 50 ነጥብ ምንም ሳይኖር ይበራል። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አጋድመው የሰዎች ፎቶ «አሳዩት»፤ እርማት ያልተደረገበት ሒሳብ የሞተውን ዓሣ አንጎል ሲሠራ አሳየ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም በ2016 የወጣ ሌላ ምርመራ በሰፊው የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች በአንዳንድ ሁኔታ 5 በመቶ መሆን የነበረበትን የሐሰት ውጤት እስከ 70 በመቶ እንደሚያደርሱት አሳይቷል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደረገ እንበል። አሁንም የጸሐፊው መደምደሚያ አይከተልም፤ የብዙ ሰው አማካይ የአንድን ሰው ሕመም አይነግርምና። 1,728 ድባቴ ያለባቸውን ከ7,199 ጤነኞች ጋር ያነጻጸረው ትልቅ ጥናት ሂፖካምፐስ የተባለው የማስታወሻ ክፍል በሕሙማኑ በአማካይ አንሶ አግኝቷል። ልዩነቱ ግን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በሚባለው መለኪያ 0.14 ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች 94 በመቶ ያህል ይደራረባሉ ማለት ነው። በስኪዞፍሬኒያ ልዩነቱ ሰፋ ብሎ 0.46 ደርሷል፤ እዚያም መደራረቡ ከ80 በመቶ በላይ ነው። የደላንታ ስንዴ ፍሬ ከወረኢሉ ስንዴ በአማካይ በጥቂቱ ይከብዳል ብንል፣ አንዲት ፍሬ ከቁናው አንሥቶ «ይቺ የደላንታ ናት» የሚል ነጋዴ አይኖርም። ጸሐፊው ግን ይህንኑ አድርጉ ነው ያሉን። በ2022 ደግሞ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ሥራ የአንጎልን ሥዕል ከሰው ጠባይ ጋር አስተማማኝ በሆነ መንገድ ለማያያዝ በሺዎች የሚቆጠር ተሳታፊ እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። የተለመደው ጥናት ግን ሃያ አምስት ሰው ይዞ የሚሮጥ ነው።

ታዲያ ፎቶ መቼ ያስፈልጋል? ሕመሙ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ፣ ከመንቀጥቀጥ ጋር ከሆነ፣ አንድ ጎን ከሰነፈ፣ ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ትውከት ካለ፣ ትኩሳት ወይም የሚመጣና የሚሄድ መደናገር ከታየ፣ የራስ አደጋ ወይም ኤችአይቪ ካለ ሐኪሙ ያዘዋል፤ ልክም ነው። ከዚያ በፊት የሚቀድሙ ርካሽ ምርመራዎች አሉ። ከባቲ ወይም ከቆቦ ቆላ ትኩሳትና መለፋደድ ይዞት የመጣ ሰው መጀመሪያ የወባ ደም ይታይለት። ከደጋ የመጣች አንገቷ ላይ እንቅርት ያለባት፣ የከሳችና የምትቅበጠበጥ ወይም በተቃራኒው የደከማትና ብርድ የማይለቃት ሴት የታይሮይድ ምርመራ ይቅደምላት። ስኳር፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪም እንዲሁ። ስንት ቀን እንዳልተኛና ስንት ሰዓት ምርቃና ላይ እንደነበር መጠየቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም፤ ከኤምአርአዩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ይህ ጥያቄ ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልጠቀሰው አደጋም አለ። ከጦርነቱ ወዲህ በወሎ ፍንጣሪ በሰውነታቸው የቀረ ሰዎች አሉ። የኤምአርአይ ማግኔት ብረትን ይስባል፤ ዓይን ወይም አንጎል አጠገብ ያለ ፍንጣሪ ቦታውን ቢለቅ ዓይን ያጠፋል፣ ደም ያፈስሳል። ስለዚህ ቆስሎ የሚያውቅ ሰው ወደ ማግኔቱ ክፍል ከመግባቱ በፊት ተራ ኤክስሬይ ይነሣ። ይህን ሳይናገሩ «ሁሉም ሰው ይነሣ» ብሎ መጻፍ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። ጸሐፊው የገለጹት ሕክምና የ1938 ነው። ቸርለቲና ቢኒ ሮም ላይ ሲጀምሩት ማደንዘዣ አልነበረውም፤ ታማሚው ሲንቀጠቀጥ አጥንቱ ይሰበር ነበር። ያለ ማደንዘዣ እንሥራው የሚል ቦታ ዛሬም ቢገኝ ቤተሰብ እምቢ ይበል፤ እዚህ ላይ ከጽሑፉ ጋር ነን። ዛሬ በደንቡ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ) ግን ሌላ ነው።

ታማሚው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ይቆያል፤ ንጹሕ ውኃ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ድረስ ይፈቀዳል። (በረመዳን አንድ ስሕተት ሊመጣ ይችላል፦ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሱሑር በልቶ ጠዋት 2 ሰዓት የሚቀርብ ሰው ጾመኛ ነው፤ ሆዱ ግን ባዶ አይደለም። ማደንዘዣ ላይ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።) ፀጉር ላይ ቅቤ ካለ በዋዜማው በሳሙና ይታጠባል፤ ቅባት ኤሌክትሮዱን ከቆዳው ስለሚለየው ኃይሉ በትክክል አያልፍም፣ ቆዳም ይለበልባል። በደም ሥር እንደ ፕሮፖፎል፣ ታዮፔንታል ወይም ኬታሚን ያለ ማደንዘዣ ይሰጣል። ቀጥሎ ጡንቻ የሚያፍታታው ሳክሲኒልኮሊን በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ይሰጣል። ከእርሱ አስቀድሞ አንደኛው ቁርጭምጭሚት ላይ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ይታሰርና ይነፋል፤ መድኃኒቱ ወደዚያ እግር ስለማይደርስ ሰውነቱ ዝም ሲል መንቀጥቀጡን በዚያ እግር ብቻ ማየት ይቻላል። ለጥርስ መከላከያ ይነከሳል፤ ኦክስጅን ይሰጣል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ የያዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሰውነት በማደንዘዣ ትንፋሽ ሲያቆም ያለው ስንቅ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ቅድሚያ ኦክስጅን ማስተንፈሱ እዚህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ የማይዘለል ነው።

«ያቃጥላል» ለሚለው ቁጥሩ ራሱ ይመልስ። የሚለቀቀው ወደ 800 ወይም 900 ሚሊአምፔር፣ እያንዳንዱ ምት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሰኮንድ፣ ጠቅላላው ጥቂት ሰኮንድ ነው። ከፍተኛው ጉልበት 100 ጁል አካባቢ ሲሆን ያም አብዛኛው በቆዳና በራስ ቅል ላይ ይቀራል። ይህ ሁሉ ጉልበት በአንድ ስኒ ቡና ላይ ቢውል ሙቀቱን በግማሽ ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። የሚያድነው ሙቀቱ አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ የሚነሣው ከ20 እስከ 60 ሰኮንድ የሚቆይ ቁጥጥር የተደረገበት መንቀጥቀጥ ነው፤ እርሱም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመዘግበው በኢኢጂ ይለካል።

መጠኑ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ለየሰው ይለካል። በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ የሚያስነሣው ትንሹ መጠን (መነሻው) ይፈለጋል። ኤሌክትሮዶቹ በሁለቱም ጆሮ ግንድ ላይ ከሆኑ ከዚያ 1.5 እጥፍ ወይም ትንሽ በላይ፣ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆኑ 6 እጥፍ ያህል ይሰጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ዙር። መንቀጥቀጥ አልመጣ ሲል ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው የመድኃኒት ወረቀቱን ነው፦ ዲያዜፓም፣ ካርባማዜፒን ወይም ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው መነሻው ከፍ ይላል። ከ2 ደቂቃ በላይ ከዘለቀ ደግሞ ዲያዜፓም ወይም ማደንዘዣ ተጨምሮ ይቆማል።

እውነተኛው ጉዳት ማስታወስ ላይ ነው። ከዙሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት መደናገር፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም የተለመዱ ናቸው፤ ያልፋሉ። ከሕክምናው በፊት ባሉት ሳምንታትና ወራት የተፈጸሙ ነገሮች ግን ከትዝታ ሊጠፉ፣ አንዳንዱም ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ በሁለት ጎን ሲሠራ ይብሳል። ይህ ለቤተሰብ አስቀድሞ መነገር አለበት። ሞት በ100,000 ዙር 2 ያህል ነው፤ ከአጭር ማደንዘዣ ስጋት ብዙ የራቀ አይደለም። በሌላው ሚዛን ያለው ማን ነው? አልበላም አልጠጣም ያለ፣ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ራሱን ለማጥፋት የቆረጠ ሰው። ይህን ሰው «አንጎልህ ይቃጠላል» ብሎ ከሕክምና ማስቀረት አጽናኝ ምክር አይደለም።

የማግኔቱን ነገር ጸሐፊው በጣም አጣፍጠውታል። ሕክምናው እውነተኛ ነው፤ አንቶኒ ባርከር በ1985 ሼፊልድ ላይ የሰውን አንጎል በማግኔት መቀስቀስ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒት ላልረዳው ድባቴ መሣሪያውን ፈቀደ። በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ከአንድ ሚሊሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል፤ የሚፈጠረው ማግኔት እስከ 2 ቴስላ ይደርሳል። ግን ኃይሉ ከሽቦው በራቀ ቁጥር ይሟሽሻል፤ ከራስ ቆዳ ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚደርሰው።

ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣት እንዲነቃነቅ የሚያደርገው ቦታ ይፈለጋል። ከ10 ምት በ5ቱ ጣቱን የሚያነቃንቀው ትንሹ ኃይል የሰውዬው መነሻ ነው፤ ሕክምናው በመነሻው 120 በመቶ ይሰጣል። ከዚያ ሽቦው ወደ ግንባሩ በስተግራ ይወሰዳል። አሮጌው ዘዴ 5 ሴንቲሜትር ወደ ፊት መግፋት ነበር፤ ራሱ ትልቅ ወይም ትንሽ በሆነ ሰው ግን ዒላማውን ይስታል። የተሻለው በሜትር መለካት ነው፦ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ መነሻ እስከ ማጅራት ጉብታ፣ በአናት ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ የራስ ዙሪያ። ጥምጥምና ሻሽ ይወልቃል። ወፍራም ሹሩባ የተሠራች ሴት ሽቦውና ራሷ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ይጨመርባታል፤ ያም የሚደርሳትን ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ መነሻዋ የሚለካው ሕክምናውን በምትወስድበት የፀጉር አሠራር ነው፤ በመካከሉ ሹሩባዋ ከተፈታ እንደገና ይለካ። መድኃኒት ሲቀየርም እንዲሁ። ባለሙያው ይህን ካላደረገ ማሽኑ ይንጫጫል እንጂ የሚያክመው የለም።

«ጥቂት ቀን» የሚለው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። የተለመደው አሰጣጥ በሳምንት 5 ቀን፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። በ10 ኸርዝ 4 ሰኮንድ መትቶ 26 ሰኮንድ እያረፈ በ37 ደቂቃ ተኩል 3,000 ምት ይሰጣል፤ አጭሩ ደግሞ በ3 ደቂቃ ብቻ 600 ምት። በ2018 የታተመው፣ 414 ሰው የተሳተፈበት የካናዳ ጥናት ሁለቱ እኩል እንደሚሠሩ አሳየ፦ ግማሽ ያህሉ ሕመሙ ቀለለለት፤ ሙሉ በሙሉ የዳነው ግን 27 እና 32 በመቶ ነው። ግማሹ ጉልህ ለውጥ አላገኘም ማለት ነው። በአምስት ቀን የሚያልቀው ዘዴ በ2022 ተፈቅዷል፤ ግን በቀን 10 ጊዜ፣ በየሰዓቱ፣ በጠቅላላው 50 ዙርና 90,000 ምት ነው። በዚያው ዓመት የታተመው ዋናው ጥናት ሙሉ በሙሉ የዳነው 79 በመቶ፣ በማስመሰያው (እውነተኛውን ኃይል በማይሰጠው) ደግሞ 13 በመቶ መሆኑን ቢያሳይም 29 ሰው ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ እዚህ ላይ ኤፍኤምአርአይ ጥቅም አለው፦ ዒላማው ለየሰው የሚመረጠው በእርሱ ነው። ሕመሙን ለማወቅ ሳይሆን ማግኔቱን የት ማሳረፍ እንዳለበት ለማወቅ። ጸሐፊው ሁለቱን ያምታቱት ከዚህ ይመስለናል።

«ያለ አንዳች ጉዳት» የሚለውም ይታረም። ከ1,000 ታካሚ ከአንድ ባነሰው ላይ ቢሆንም መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ሌሊቱን ጫት ላይ አድሮ ሳይተኛ የመጣ፣ መጠጥ በድንገት ያቆመ፣ ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ስጋቱ ይጨምራል፤ ያን ቀን መመለስ ነው የሚሻለው። ባይፖላር ያለበት ሰው ወደ ማኒያ (ከልክ ያለፈ ፍንደቃና መቅበጥበጥ) ሊገለበጥ ይችላል። ጆሮ ይደፈናል፤ ማሽኑ ሲመታ ድምፁ ጆሮን ይጎዳልና። ራስ ውስጥ ብረት ያለው ሰው፣ ፍንጣሪውን ጨምሮ፣ አይታከምበትም። ሌላው የመንገዱ ነገር ነው፦ ሠላሳ ቀን መመላለስ ወይም 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ። ከመነሣት በፊት ቤተሰቡ የመኝታውን፣ የምግቡንና የአስታማሚውን ወጪ ይደምር፤ በሦስተኛው ሳምንት ገንዘብ አልቆ የተቋረጠ ሕክምና ያልተጀመረ ያህል ነው።

ስለ ባትሪው አጭር ነገር ይበቃል። ጸሐፊው ያሉት ቲዲሲኤስ፣ ማለትም ደካማ ኤሌክትሪክ በራስ ላይ የማሳለፍ ዘዴ ሲሆን በጥናት የሚሰጠው 2 ሚሊአምፔር፣ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ፣ በጨው ውኃ በተነከረ 35 ካሬ ሴንቲሜትር ስፖንጅ ነው። የጥናቱ ማሽን ቆዳው ሲደርቅ ቮልቱን እያስተካከለ ያንኑ 2 ሚሊአምፔር ይጠብቃል፤ ባትሪ ግን ይህን አያውቅም። የቆዳው መቋቋም 5,000 ኦም ሲሆን 9 ቮልት 1.8 ሚሊአምፔር ይሰጣል፤ ስፖንጁ ደርቆ 20,000 ሲደርስ 0.45 ብቻ፤ የተፋቀ ቆዳ ላይ 2,000 ሲሆን 4.5። ስፖንጁ በከፊል ሲደርቅ ኃይሉ በአንዲት ነጥብ ይሰበሰብና ቆዳውን ይበሳል። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ከተቀያየሩ ደግሞ የሚሰጠው ተቃራኒው ነው። በትክክለኛው ማሽን እንኳ ውጤቱ አከራካሪ ነው፦ በ2017 ብራዚል ውስጥ 245 ሰው የተሳተፈበት ጥናት ኤስሲታሎፕራም ከተባለው የድባቴ ክኒን እንደማያንስ ማሳየት አልቻለም፤ ሁለት ሰዎችም ማኒያ ይዟቸዋል። በ2023 የጀርመን ጥናት መድኃኒት ላይ ተጨምሮ ከማስመሰያው ልዩነት አላሳየም።

መድኃኒቱን ጣሉ ለሚለው ከራሱ ከኤሌክትሪክ ሕክምናው ማስረጃ አለ። በ2001 የታተመ ጥናት በኢሲቲ የዳኑ ሰዎችን ተከታትሎ፣ በስድስት ወር ውስጥ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 84 በመቶ፣ ኖርትሪፕቲሊንና ሊቲየም የተባሉትን የድባቴና የስሜት መድኃኒቶች ከወሰዱት 39 በመቶ እንደታመሙ አሳየ። በየወሩ ፍሉፌናዚን የተባለውን የስኪዞፍሬኒያ መርፌ የሚወጋ ሰው ሲያቆም ደግሞ የሚያታልል ነገር አለ። መድኃኒቱ ከጡንቻው ቀስ እያለ ስለሚወጣ ሳምንታት ደኅና ይመስላል፤ «ያለ መርፌው ተሻለው» ይባላል፤ ሕመሙ ሲመለስ ከማቆሙ ጋር የሚያያይዘው አይኖርም።

ጠበልና ዱዓ ይቅር ለሚለው፣ ቤተሰቡ የሚሄድበትን ቦታ ማንም አይከለክለውም፤ ሁለቱን ማጣጣም ነው። ወደ ሱባኤ የሚሄድ ሰው የወሩን መርፌ ከመነሣቱ በፊት ይወጋ፤ ክኒኑን የሚሰጠው አንድ አስታማሚ ይታወቅ። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተቀመጠበት በድንገት ሲነሣ ደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ሰውነቱም ሙቀቱን መጠበቅ ይቸግረዋል። ገና ሳይነጋ በቀዝቃዛ ጠበል ሲጠመቅ ተቀምጦ ይሁን፣ ሲነሣ ይያዝ፣ ወዲያው ይሸፈን። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሚወጣ ከሆነ በላብና በጥማት ሊቲየሙ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማልና ውኃ አይለየው። እጁ ከመንቀጥቀጥ አልፎ እግሩ ከተንገዳገደ፣ ትውከትና ተቅማጥ ከመጣበት ክኒኑን ያቁምና በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ለሐኪሙም ሊቲየም እንደሚወስድ ይነገር።